ሶማሌ ተራ፦ በሰው ተሰይሞ በዕቃ የታወቀ ስም

የአዲስ አበባ የቦታ ስሞች አብዛኞቹ አንድን ሰው፣ አንድን ሥራ ወይም አንድን ክስተት ይዘው የቆዩ ናቸው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ከነጭፍሮቻቸው በየኮረብታው ስለ ሰፈሩ፣ የሰፈሩበት መሬት በስማቸው እየተጠራ «ሰፈር» የሚለው ቃል የመንደሮች መጠሪያ ሆነ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በገበያው በኩል ግን የገነነው «ተራ» የሚለው ቃል ነው። ተራ በአማርኛ ረድፍም ወረፋም ነው፤ በገበያ አነጋገር ደግሞ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ቦታ ያመለክታል። በርበሬ ተራ በርበሬ፣ ዶሮ ተራ ዶሮ፣ ሸማ ተራ ሸማ የሚሸጥባቸው ስለሆኑ ስማቸውን የሰማ ሁሉ ምን እንደሚያገኝባቸው ያውቃል። ሶማሌ ተራ ከእነዚህ ይለያል። በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ መካከል እንዳለው እንደዚህ ሰፈር ከመኪና መለዋወጫ፣ በተለይም ካገለገለ መለዋወጫ ጋር የተቆራኘ ቦታ በአገሪቱ ውስጥ አይገኝም ለማለት ያስደፍራል፤ ሆኖም በስሙ ውስጥ ስለ መኪናም ሆነ ስለ ብረት የሚናገር አንዲት ፊደል የለም።

ስያሜውን ለመረዳት ከመርካቶ አመጣጥ መነሣት ያስፈልጋል። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ነበር። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ አገዛዙ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር ባወጣው የከተማ ፕላን መሠረት አራዳን የአውሮፓውያን የንግድ ማዕከል አድርጎ ለራሱ አስቀረና ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት የሆነው «መርካቶ» የቦታ ስም ሆኖ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመለያየት ታስቦ የተቆረሰው ይህ ገበያ ከነጻነት በኋላ የማናቸውም ዘርና ሃይማኖት ሰው ጎን ለጎን የሚነግድበት ሆኖ መገኘቱ፣ ፕላኑን ያወጡት ሰዎች ያላሰቡት የታሪክ ፍርድ ነው።

በዚህ ገበያና በዙሪያው ስሞች የሚወጡበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከሚሸጠው ዕቃ የሚወጣው ስም የተለመደው ቢሆንም፣ ዱባይ ተራ ዕቃው ከመጣበት ቦታ፣ ጎጃም በረንዳ ደግሞ ከሰው መነሻ የወጡ ናቸው። ሶማሌ ተራ (አንዳንዶች «ሱማሌ ተራ» ይሉታል) ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ይመደባል፤ ስሙ በቦታው ሲነግዱና ሲኖሩ ከነበሩ የሶማሌ ተወላጆች የመጣ መሆኑ በከተማው ሰው ዘንድ የታወቀ አነጋገር ነው። የሶማሌ ነጋዴ በአዲስ አበባ መታየቱም እንግዳ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ካስቆረቆረና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ከባሕር የሚመጣው ሸቀጥ የሚያልፈው ሶማሌዎች በብዛት በሚኖሩበት ምድር ስለነበር፣ ሰውና ዕቃ አብረው ወደ መሀል አገር ወጥተዋል።

የመኪናው ታሪክ ከስሙ ተነጥሎ ጀመረና በኋላ ተገናኘው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ያመጣው ዎልስሌይ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ከመቅረቡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር። «ባቡር» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ የእንፋሎት መሣሪያን ሁሉ ይጠራ ስለነበር መዳመጫው የሰርኪስ ባቡር ተባለ፤ ሰባራ ባቡር የተባለው የአዲስ አበባ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ይኸው መሣሪያ ተበላሽቶ ከመቅረቱ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ይህች ከተማ ለተሰበረ ማሽን የሰፈር ስም መስጠት የጀመረችው ገና ጋራዥ ሳይበዛባት ነው።

መኪና በብዛት የገባው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ጦሩ ለስንቅና ለመንገድ ሥራ ያመጣቸው ከባድ መኪኖች፣ ከእነርሱም ውስጥ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ሲል የጠራቸው ፊያት 634ዎች፣ ከድል በኋላም በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ከነጻነት በኋላ በአገሪቱ እንዲቀሩ የተፈቀደላቸው ጣሊያናዊ መካኒኮችም ጋራዥ ከፍተው የኢትዮጵያን ልጆች ሙያውን ስላስተማሩ፣ የመኪና አካላት ስም በአብዛኛው ከጣሊያንኛ ተወስዶ አማርኛ ሆነ። የሞተሩ ክዳን ኮፈን፣ የፊትና የኋላ መከላከያው ፓራውልት፣ የጎማው ሽፋን ፓራፋንጎ፣ የጎን መስታወቱ ስፖኪዮ፣ መታጠፍን የሚያመለክተው መብራት ፍሬቻ፣ ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ የማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ፣ የጭነት መኪናን ክብደት የሚሸከመው ድርብርብ ብረት ባሌስትራ፣ የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ ይባላል፤ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ የተጨራመተ ላሜራ አቃኚው ባትላሜራ ነው። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቃላት ሳያውቅ ዕቃ መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ ገበያው በሶማሌ ስም ተጠርቶ፣ በጣሊያንኛ ቃላት እየተገበያየ፣ ዋጋውን በአማርኛ የሚከራከር ሆኖ አደገ። ከአንድ ሰፈር ታሪክ ይህን ያህል የአገር ታሪክ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የአሮጌ ዕቃው ንግድ የሚቆመው በአንድ ቀላል እውነት ላይ ነው፤ መኪና ሲሞት አካላቱ ሁሉ አብረውት አይሞቱም። በግጭት ፊቱ የተደመሰሰ መኪና የኋላ መብራቱ፣ በሮቹና ካምቢዮው ደህና ስለሚሆኑ፣ ነጋዴው መኪናውን በጥቅል ይገዛና ፈትቶ በየአካሉ ይሸጠዋል። የውጭ ምንዛሪ በጠበበባቸው ዘመናት፣ በተለይም በደርግ ጊዜ፣ አዲስ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር የተፈታ መኪና ለቆመ መኪና ሕይወት ነበር። በጎዳናው ላይ ይታዩ የነበሩት መኪኖችም ጥቂት ዓይነት በመሆናቸው ፍለጋው ተስፋ ነበረው። ቮልስ የተባለችው ቮልስዋገን፣ ሰይቼንቶ የተባለችው ፊያት 600፣ ቅርጿ ከፊያት 124 ተቀድቶ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ላዳ፣ ኋላም ዲኤክስ እየተባለች የታወቀችው ቶዮታ ኮሮላ የከተማው ሰው በድምፃቸው ጭምር የሚለያቸው ነበሩ።

ያንን ዘመን የኖሩ ባለመኪኖችና መካኒኮች ዛሬ በናፍቆት የሚያነሡት ርካሽነቱን ብቻ አይደለም፤ ፍለጋው ራሱ ሙያ መሆኑንም ጭምር ነው። ፈላጊው የተበላሸውን ዕቃ አስፈትቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ናሙና አድርጎ ይዞ ይወርዳል። በጠባቡ ሱቅ ደጃፍ ስፖኪዮዎች በገመድ ተንጠልጥለው፣ መብራቶች እንደ ሰሐን ተደራርበው፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) እና ፓራውልት ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቁታል። ነጋዴው የፊት መብራቱን ይቀበልና መጀመሪያ የሚያየው ስብራቱን ሳይሆን የመስታወቱን ጥግ ነው፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች መብራት ላይ «ኮይቶ» ከሚለው የፋብሪካ ስም ጎን ቁጥር አለና፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ቅርጹ ቢመስልም አይገባም። «ጋሼ፣ የሹፌሩ በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ልጁን ወደ ጓዳ ይልከዋል፤ ከጠፋም ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣል፤ በዚህ መንገድ ፈላጊው ባልገባበት ሱቅ ያለው ዕቃ ጭምር ይመጣለታል።

የኩሽኔታው ዕውቀት ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከር ዘንግ በብረት ኳሶች ላይ ተደግፎ በጥቂት ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርግ ቀለበት ነው። 6203 የሚል ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ የትም ይሠራ የት ቀዳዳው 17 ሚሊሜትር፣ የውጭ ዲያሜትሩ 40፣ ውፍረቱ 12 ነው፤ ስለዚህ የመኪና ባትሪ ከሚሞላው ዴናሞ ውስጥ የወጣው ተበላሽቶ ቢገኝ፣ ከማናቸውም ሌላ ማሽን የወጣ ደህና 6203 ይተካዋል። ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ በጣት የሚያውቁ ሰዎች በሶማሌ ተራ ሞልተዋል፤ ቀለበቱን በአንድ ጣት ይዘው ያሽከረክሩታል፣ ወደ ጆሮ ያስጠጉታል፣ ኮሽታ ካለው ይጥሉታል። በቮልስም በኩል እንዲሁ የፊተኞቹ በ6 ቮልት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ሞተሪኖ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ዘመን መናገር ነበረበት። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ቮልስ በሜክሲኮ መመረቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ካበቃም በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ መሄዷን አለማቆሟ፣ እንዲህ ያለ ዕውቀት በሱቆቹ ውስጥ መከማቸቱን ያሳያል።

የቦታ ስም የጥራት መለኪያ ሊሆን እንደሚችልም ይህ ገበያ ያስተምራል። ኦርጅናል ያልሆነ አዲስ ዕቃ ከየትም ይምጣ «ታይዋን» ይባል ነበር፤ ከጃፓን መኪና የተፈታ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ከታይዋኑ አዲስ ይልቅ ይመረጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ይወደዳል። በዚሁ ልክ «ሶማሌ ተራ» ራሱ ከቦታነት አልፎ የዕቃ ዓይነት መጠሪያ ሆነ፤ መካኒክ ለደንበኛው «የሶማሌ ተራውን ልግጠምልህ?» ሲለው ስለ አሮጌው ዕቃ መናገሩ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ስሙ ከሰው ወደ ቦታ፣ ከቦታ ወደ ዕቃ የተሻገረበት መንገድ እዚህ ላይ ይሟላል።

የማይሸጠው ብረት ወደ ሌላ ተራ ይሄዳል። በመርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ስሙ ጥያቄ ነው፤ «ቁራሌው!» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ አሮጌ ዕቃ ገዢዎች የቤት እመቤቷን «ምን አለሽ?» የሚሉትን ዓይነት። በዚያ በርሜል ምድጃ፣ ላሜራ መጥበሻ፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ዕቃውን በተሠራለት ሥራ ላይ ሲያቆይ፣ ምናለሽ ተራ ሥራውን ይለውጥለታል።

ስለ ሶማሌ ተራ ሲጻፍ ስሙ ላይ ያረፈውን ጥላ መዝለል አይገባም። ማታ ከቆመ መኪና የተነቀለ ስፖኪዮ በማግሥቱ እዚያ ይገኛል የሚለው አነጋገር በከተማው የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ባለመኪኖች የሰሌዳ ቁጥራቸውን በመስታወቶቻቸው ላይ ማስቀረጻቸውም ከዚህ ስጋት የመጣ ነው። ሌብነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ምክንያት ሰፈሩን በሙሉ በሌባ ስም መጥራት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዘይት የጨቀየ ብረት ሲያጸዱና ሲያዛምዱ የኖሩ ነጋዴዎችንና መካኒኮችን መበደል ነው፤ የድሃውን ታክሲ ነጂ ከነቤተሰቡ ያሳደሩት እነርሱ ናቸውና።

ገበያው ዛሬ በሌላ ዘመን ደጃፍ ላይ ቆሟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ግብራቸው እንዲከብድ አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ይህ እስካሁን ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘምን ግድ ስለሚያደርግ ለጊዜው አሮጌውን ዕቃ ተፈላጊ ያደርገዋል፤ ውሎ አድሮ ግን ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥል ብልጭታ ሰጪ)፣ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) እና ፍሪሲዮን የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበዙ የሱቆቹ ዕቃም ቃሉም ይለወጣል። የአካባቢው አስተዳደር መጠሪያ ከከፍተኛና ቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሲለዋወጥ «ሶማሌ ተራ» የሚለው ስም ሳይነቃነቅ መቆየቱ ስሙን ራሱን ለጊዜው ከስጋት ነጻ ያደርገዋል። መጻፍ ያለበት ከስሙ በስተጀርባ ያለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሱቆች የት እንደነበሩ፣ የሶማሌ ነጋዴዎቹ ምን ይሸጡ እንደነበር፣ የትኛው የቮልስ አካል በየትኛው ዘመን ከየትኛው ጋር ይገጥም እንደነበር፣ ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ነጋዴዎች ገና በሱቆቻቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሳሉ ሄዶ መጠየቅ የከተማዋን ታሪክ ለሚያጠና ሁሉ የቅርብ ሥራ ነው።