ኮድ ልወጣ

ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ የድሮ የአዲስ አበባ ሠርግ ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሠርጉ ያለበትን የቪሲዲ ዲስክ የሚያስገባበት ያጣል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማጫወቻ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማጫወቻ ተገዝቶ ቪሲዲው ሲከፈት ደግሞ «ኤምፔግኤቪ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ስሙ በ«ዳት» የሚያልቅ ፋይል ይገኛል። ብዙ ስልኮች አይከፍቱትም። ከዚያ ያው የታወቀው ልመና ይመጣል፦ «እስቲ ልጄ፣ ይቺን ኮንቨርት አድርግልኝ»።

ኮንቨርት የሚባሉት ሥራዎች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው መያዣውን ብቻ መለወጥ ነው፤ ምስሉና ድምፁ ሳይነኩ ከአንዱ ፋይል ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ትራንስኮዲንግ ይባላል፤ በአማርኛ «ኮድ ልወጣ» ማለት ይቻላል። ምስሉ ከነበረበት ኮድ ተፈትቶ በሌላ ኮድ እንደገና ይጻፋል። የመጀመሪያው ጤፍን ከጆንያ ወደ ጆንያ መገልበጥ ነው፣ ሁለተኛው ማስፈጨት።

ለቪሲዲ መገልበጡ ብቻውን አይበቃም። በውስጡ ያለው ምስል በኤምፔግ 1 የተጻፈ ስለሆነ መያዣው ቢቀየርም ብዙ ስልኮች አያነቡትም። ኤች.264 ወደሚባለው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደወጣው ኮድ መለወጥ አለበት። ፋይሉም ኤምፒ4 ይሆናል። ኤፍኤፍኤምፔግና ሃንድብሬክ የተባሉት ሶፍትዌሮች ይህን በነፃ ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ የቆመበት ሒሳብ ለፕሌኖ ሩቅ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. ናሲር አህመድ፣ ቲ. ናታራጃንና ኬ. አር. ራኦ ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም የተባለውን ስሌት አሳተሙ፤ ራኦ እዚያው ዳላስና ፎርት ዎርዝ መካከል፣ አርሊንግተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ኤምፔግ 1 ምስሉን 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና በዚህ ስሌት እየታገዘ ዓይን ብዙም የማይለየውን ረቂቅ ዝርዝር ይጥላል። እስክስታው ሲጦፍ ትከሻው ላይ ብቅ የሚሉት ካሬዎች እነዚሁ ናቸው። የቀሚሱ ጥለትም አንድ ቀለም ሆኖ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተጣለው አይመለስም። እያንዳንዱ ኮድ ልወጣ ደግሞ በላዩ ላይ ትንሽ ይጥላል፤ ስለዚህ ጥራቱን ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ መለወጥ ይሻላል። የኢትዮጵያ ቪሲዲ አብዛኛውን ጊዜ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ሶፍትዌሩ ላይ «1080» የሚለውን የምስል መጠን መምረጥ ፋይሉን ያሳብጠው እንደሆነ እንጂ የሙሽራዋን ፊት አያጠራውም።

ሌላው ወጥመድ የፍሬም ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ ትጠቀምበት የነበረው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ምስል ሲኖረው የቀድሞው የአሜሪካ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ይጠጋል። ሶፍትዌሩ ላይ 30 ከተመረጠ አንዳንዱ ፍሬም ይደገምና ጭፈራው ይንቀጠቀጣል። 25 እንዳለ ይተው።

ዳት ፋይሉ ከተለወጠም በኋላ አይጣል። የአንድ ሙሉ ቪሲዲ ፋይል አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቤት የተቀዳ ሲዲ ደግሞ በጊዜ ብዛት ቀለሙ እየተበላሸ አልነበብ ይላል።