የመቋሚያ ምሳሌነት
ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው በይፋግና በደብረ ታቦር አገር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደብር ሁሉ፣ ካህናት በማኅሌት የሚይዙት መቋሚያ ሁለት ክፍል ብቻ አለው፤ ይኸውም ቀጥ ያለ ዘንግና በላዩ የተጋደመ ራስ ነው። ራሱ ከናስ ወይም ከቀንድ የሚሠራበት ጊዜ ቢኖርም፣ ተራው መቋሚያ ጌጥ የሌለው እንጨት ነው።

ሊቃውንት የመስቀል ምሳሌ ይሉታል። ነገር ግን ምሳሌነቱ ከመልኩ ብቻ የመጣ አይደለም። ስሙም ሆነ «አቋቋም» የተባለው ትምህርት «ቆመ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲዘመም፣ መቋሚያው ከድምፁ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ደብተራም ድካሙን የሚያሳርፈው በርሱ ላይ ነው። እንግዲህ መስቀልነቱ ሸክም በመቀበሉ ጭምር ይታወቃል።

ስለዚህ በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ብቻውን የቆመ መቋሚያ ቅርጹን እንጂ ምሥጢሩን አያሳይም፤ መዝጋቢውም ከእንጨቱ ጋር ሥርዓቱን ሊጽፍ ይገባዋል።