የዊሊ ሎማን ቤት
የመድረክ ንድፍ፤ ጆ ሚልዚነር፤ ሞሮስኮ ቴአትር፣ ኒው ዮርክ፣ 1949 እ.ኤ.አ.

ቤቱ ግድግዳ የለውም። ጣሪያውም አጽሙ ብቻ የቆመ ነው፤ ዙሪያውን የከበቡት የብሩክሊን ፎቆች ፀሐይ ነስተውታል።

በአርተር ሚለር «የአሻሻጩ ሞት» ውስጥ የ63 ዓመቱ ዊሊ ሎማን ሁለት የናሙና ሻንጣ ተሸክሞ በየከተማው ሲዞር ኖሯል። ሻንጣዎቹ ምን እንደያዙ ተውኔቱ አንድም ጊዜ አይናገርም። አሁን ደመወዙ ተቋርጦ የሚሠራው በኮሚሽን ብቻ ነው።

ሚልዚነር የሰውየውን አእምሮ መድረክ ላይ ያወጣው በብርሃን ነው። ዊሊ በትዝታ ሲነጉድ ፎቆቹ ይጠፉና ቤቱ የቅጠል ጥላ ይለብሳል፤ ተዋንያኑም በሩን ትተው ግድግዳው ሊኖር በሚገባበት መስመር ላይ ተራምደው ያልፋሉ። ልጆቹ ቢፍና ሃፒ ፎቅ ላይ ከተኙበት ወዲያው ጉብል ሆነው ጓሮ እንዲታዩ፣ አልጋቸው ሥር ከተመልካች የተሰወረ አሳንሰር ተሠርቶ ነበር። የንድፉ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ቢፍ ቦስተን ሆቴል ውስጥ አባቱን ከሌላ ሴት ጋር ካገኘ ወዲህ ሁለቱ አልታረቁም። ያ ትዕይንትም የሚመጣው በዚሁ መድረክ ላይ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ ነው።

ኤልያ ካዛን ያዘጋጀው ይህ ቴአትር 742 ጊዜ ታይቷል፤ ተውኔቱ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።