«መልእክቱ አልገባውም»፦ ስለ ስሞልቶክ የስሕተት ቃላት አተረጓጐም

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጕድለት በእንግሊዝኛ «ተባይ» በሚል ቃል የሚጠራበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይተረካል፤ ትረካው ግን አይጸናም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በመዝገብ ላይ ተለጥፋለች። ከጐኗ የሰፈረው ማስታወሻ ግን ቃሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ የተቀለደ ቀልድ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ገና በ1878 በደብዳቤዎቹ ውስጥ ቃሉን በፈጠራ ሥራ ላይ ለሚያጋጥም እንቅፋት ተጠቅሞበታል። አማርኛው ተባዩን ትቶ «ሳንካ»ን መምረጡ መልካም ነው፤ በድምፁ እንውሰደው ቢባል ኖሮ ከቤት እንስሳው ከበግ ጋር መምታታቱ አይቀርም ነበር።

በስሞልቶክ ዘንድ ግን ስሕተት የሚሰየምበት መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ይህ የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1972 በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል ተወለደ። ሐሳቡ የአላን ኬይ፣ የመጀመሪያው የሚሠራ ቅጂ ደግሞ የዳን ኢንጎልስ ነው፤ አዴል ጎልድበርግና ዴቪድ ሮብሰን በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍም በሰፊው ታወቀ። ስሙ በአማርኛ «ተራ ወግ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ቁጥር ሳይቀር፣ መልእክት ይቀበላል። ተቀባዩ ለደረሰው መልእክት የተዘጋጀ ስልት ከሌለው፣ መልእክቱ እንዳልገባው የሚገልጽ ሌላ መልእክት ለራሱ ለተቀባዩ ይላክለታል። ከዚያም እንደ ልማዱ ሥራው ቆሞ ይህንኑ የሚያስታውቅ መስኮት ይከፈታል።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። «ስሕተት ተፈጥሯል» ቢል ማን ለማን ምን እንደ ላከ ይሰወራል። «ተቀባዩ አልተረዳም» ቢል ደግሞ ግሡ «እርዳታ አላገኘም» ተብሎም ይነበባል። «አልገባውም» ግን ከሁለቱ ይሻላል፤ በሰዋስዋችን የዚህ ግሥ ባለቤት መልእክቱ ሲሆን፣ ተቀባዩ በተሳቢ ቅጥያ ብቻ ይመለከታል። ስለዚህ አንባቢው ጥፋቱን ወዲያው በተቀባዩ ላይ አይጭንም።

ይህ ልዩነት ለአራሚው እጅግ ይጠቅመዋል፤ ብዙውን ጊዜ መልእክቱ ያልገባው ተቀባይ «ኒል» የሚባለው፣ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ የሚይዘው ነገር ነውና። ጀማሪው ኒልን ሲመረምር ይውላል፤ ሳንካው ግን ቀደም ብሎ፣ ዋጋው መሰጠት በነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ኒልን «ባዶ» ብለው የሚተረጕሙ ሰዎች በዚህ ላይ ሌላ ግርታ ይጨምራሉ። በአማርኛ ባዶ ዜሮም ነው፤ በስሞልቶክ ግን ዜሮ መደመርና መቀነስ የሚገባው የተሟላ ቁጥር ሲሆን፣ ኒል ግን መደመር ከቶ አይገባውም። «አልቦ» የሚለው የግእዝ ቃል የተሻለ ይመስለኛል።

መስኮቱ ሥራውን ባቆመበት ቦታ ይዞ ስለሚቆይ፣ የጐደለውን ስልት እዚያው ጽፎ መቀጠል ይቻላል። ለዚህ ተግባር «ማረም» የሚለው ቃላችን ይስማማል፤ እንግሊዝኛው ተባይ ሲለቅም፣ የኛው ጽሑፍንም እርሻንም ያርማል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ስኩዊክና በ2008 ከእርሱ የተገነጠለው ፋሮም ይህንኑ አሠራር ወርሰዋል።

መስኮት የማይከፈትበት ስሕተት ግን አለ። 3 + 4 * 2 በስሞልቶክ 14 እንጂ 11 አይሆንም፤ ማባዛት ቅድሚያ ስለማይሰጠው መልእክቶቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይፈጸማሉ። ለዚህ «አልገባውም» ማለት አይቻልም፤ መልእክቱ ለተቀባዩ በሚገባ ገብቶታል፣ ጸሐፊው ያሰበው ግን ሌላ ነበር። እንዲህ ላለው ዝምተኛ ጕድለት «ሳንካ» የሚለው ቃል እንዲጠበቅ፣ «አልገባውም»ም ለመስኮቱ ብቻ እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ።