ከሰጋቱራ እስከ ቆሼ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። «ሰጋቱራ» የሚለው ቃል የማን ነው? የእኛ እንዳይመስላችሁ፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ቃሉ ግን ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቱ ጋር እዚሁ ቀረ። ምድጃውን ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው መሃል ጠርሙስ ይቆማል፣ ሰጋቱራው ዙሪያውን ይጠቀጠቃል፣ ጠርሙሱ ሲነቀል ቀዳዳ ይቀራል፣ ከሥር ይለኮሳል። በቃ! የአናጢ ጥራጊ ሽሮ አበሰለ።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። «ቆሻሻን ወደ ኃይል መቀየር» ሲባል ትናንት ከውጭ የመጣ ጥበብ ይመስለናል። ታሪካችን ግን ሌላ ይላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳትቆይ ማገዶ አለቀባት። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ ለቤትና ለአጥር ሲሆን፣ የረገፈው ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ በእናቶች ጀርባ እየወረደ የስንቱን ቤት እንጀራ ጋገረ። የዛፉ ትርፍራፊ ነዳጅ ነበር፤ የመጓጓዣውን ዋጋ የከፈለው ግን የሴት ወገብ ነው።

ገጠር ደግሞ ኩበት አለ። የከብት እበት በፀሐይ ደርቆ ይነዳል። ጉዳቱ፣ ምድጃ የገባው እበት ማሳ አይገባም፤ እሳቱ ሲሞቅ መሬቱ ይራባል። ለዚህ መላ የሚሆነው ባዮጋዝ ነው። እበቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ሲብላላ ሚቴን ጋዝ ይሰጣል፤ ዝቃጩም ለማሳ ማዳበሪያ ይተርፋል። አገራችን ይህን ያየችው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ አምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ብሔራዊ ፕሮግራም እስኪጀመር ግን 50 ዓመት ገደማ ፈጀ። የፕሮግራሙም የመጀመሪያ ምዕራፍ 14,000 ማብላያ አቅዶ የሠራው ከ8,000 ጥቂት በላይ ነው።

መኪናም ተራው ደርሶት ነበር። ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ሞላሰስ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ እየተጠመቀ ኢታኖል ሆነ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር ተቀላቀለ። አረቄ አውጪ እናቶቻችን ነገሩ ብዙም የሚገርማቸው አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ቆሼ እንምጣ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ የተከመረበት ቦታ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስት ቀን የሐዘን ቀን ታወጀ። በዚያን ጊዜ እዚያው አጠገብ የረጲ የኃይል ማመንጫ እየተገነባ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ሲቆራረጥ ነው የቆየው።

የእኛን ከተማ ቆሻሻ ማቃጠል ለምን ይከብዳል? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። የምንጥለው አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ሲቃጠል እሳቱ መጀመሪያ የሚያባክነው ጉልበት ውኃውን ለማትነን ነው። ይህን ደግሞ ኩበት ጋጋሪዋ ያለ ኢንጂነር ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ታሰጣለች፣ ከዚያ ታነዳለች። ደረቁ ለእሳት፣ እርጥቡ ለማብላያ። የታሪካችን ትምህርት በአጭሩ ይኸው ነው።

ለዚህ ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። ቆሼ ላይ ፕላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከልጣጩ በእጃቸው ሲለዩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ «ቆሻሻ ለቃሚ» እያልን አለፍናቸው እንጂ ሥራቸው ለማንኛውም ማመንጫ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ስለ ሜጋዋት ስናወራ እነሱን ከሒሳቡ ካወጣናቸው፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበትን ቦታ ታሪክ አልተማርንም ማለት ነው።

ዛሬ ማታ የሙዝ ልጣጩንና የውኃ ፕላስቲኩን በአንድ ፌስታል ከመቋጠራችን በፊት እስቲ እናስብበት። ለየብቻ መቋጠር ገንዘብ አይጠይቅም።