«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ ይህ ተረት ከየት መጣ?



እዚህ ጉለሌም ሆነ መርካቶ፣ ስለ ጉቦ ሲወራ ጨዋታው የሚዘጋው በዚህ ተረት ነው። «ድሮም እንዲህ ነን፣ ምን ይደረግ» ይባላል። ተረቱ ግን ስለ ባሕርያችን ሳይሆን ስለ አንድ አሮጌ የሹመት ሥርዓት ነው የሚናገረው።

ከጣልያን ወረራ በፊት ብዙው አገረ ገዥ ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ ሹመቱ ራሱ ነበር። ጉልት ይሰጠዋል፣ ከገባሩ ይበላል። ከሰበሰበው ግብር ድርሻውን አስቀርቶ ቀሪውን ወደ ላይ ይልካል። ባለጉዳይ መተያያ ይዞለት ይመጣል፤ እሱም በተራው ለበላዩ እጅ መንሻ ያቀርባል። ይህ የተደበቀ ሌብነት ሳይሆን በግልጽ የሚደረግ ወግ ነበር። መቼ እንደሚሻር ስለማያውቅም ቶሎ መብላት ነበረበት።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎችን ደመወዝተኛ አደረገ፤ ጉልትም በ1958 በሕግ ቀረ። ትናንት ወግ የነበረው ወንጀል ሆነ። በ1993 የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ሆኖም ፋይሉ በአንድ ሰው እጅ እስካለ፣ «ነገ ተመለስ» ያለውን ጠያቂ እስከሌለ ድረስ፣ መተያያው ስሙን ቀይሮ ይመለሳል።

ዲናችን ሰውየውን ብቻ አይመክርም፤ በሩንም ይዘጋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ዘካ ሊሰበስብ የተላከ ሰው ሲመለስ ከፊሉን «ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። ስጦታው የመጣው ለወንበሩ እንጂ ለሰውየው አልነበረም። አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆኑ ንግዳቸውን ትተው ከበይቱልማል መተዳደሪያ ተቆረጠላቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ገዥ ሲሾሙ ሀብቱን ይመዘግቡ ነበር። የሚበቃ ደመወዝ፣ የስጦታ ክልከላ፣ የሀብት ምዝገባ፤ ሦስቱም አብረው ነው የሚሠሩት።

ይህ ለጉቦ ተቀባይ ሰበብ አይሆንም፤ ሪሽዋ ሰጪውም ተቀባዩም ተጠያቂ ናቸው። እኛም ከቤታችን እንጀምር፦ የመስጂዳችን ሰደቃ በደረሰኝ ይግባ፣ ሒሳቡ ለጀመዓው ይነበብ። ወረዳ ስንሄድ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር አንብበን ቀኑን እንጠይቅ። «ድሮም እንዲህ ነን» ያለ ሰው ግን ምንም አይጠይቅም።

አላህ አማናን የሚጠብቁ ያድርገን። አሚን።