ሐራ ስጊራ፦ የጄርባ ደሴት የአይሁድ መንደርና የተሳላሚዎች ማደሪያው

ሐራ ስጊራ በደቡብ ቱኒዚያ፣ በጄርባ ደሴት ላይ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው። የአይሁድ ካህናት ዘሮች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። ቱኒዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ከወጣች በኋላ ኤር ሪያድ ተብሏል፤ የቀድሞ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ትልቁ የአይሁድ ሰፈር ሐራ ክቢራ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሁምት ሱክ አጠገብ ሲሆን፣ ሐራ ስጊራ ከዚያ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ወይራና ተምር በበዛበት ሜዳ ላይ ይገኛል።

የመንደሩ ትውፊት የሚጀምረው ከኢየሩሳሌም ነው። ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ሲያፈርስ፣ ያመለጡ ካህናት ከፍርስራሹ አንድ ድንጋይ፣ በሌላ አተራረክ አንድ በር፣ ይዘው መጥተው ኤል ግሪባ በሚባለው በመንደሩ ምኵራብ መሠረት ውስጥ አኖሩት ይባላል። በኋላ ዕዝራ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለሱ ጠይቋቸው እምቢ በማለታቸው ሌዋውያኑን ረገማቸው፤ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ሌዋዊ የለም የሚል ታሪክም አለ። ይህን በሰነድ ማረጋገጥ አይቻልም። ዛሬ የሚታየው የምኵራቡ ሕንፃ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። ሆኖም የመንደሩ አይሁድ ከሞላ ጎደል በሙሉ የካህን ዘር መሆናቸው ትውፊቱን እንዲሁ በዋዛ እንዳናልፈው ያደርጋል።

ምኵራቡ ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ለብቻው ቆሟል። ውጪው ነጭ ነው፤ ውስጡ በሰማያዊ ዓምዶችና በሸክላ ንጣፎች የተዋበ ነው። ወደ ውስጠኛው አዳራሽ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የኦሪት ጥቅልሎቹ ከሚቀመጡበት ሥር ጠባብ ዋሻ አለ። ልጅ የምትሻ ወይም ለልጇ ትዳር የምትለምን ሴት ጥሬ እንቁላል ላይ ስም ጽፋ፣ ስለት ተስላ፣ ጎንበስ ብላ ወደዚያ ዋሻ ታስገባዋለች።

ከምኵራቡ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ኦካላ ይባላል። ባለ ሁለት ፎቅ የእንግዳ ማደሪያ ነው፤ መካከሉ ሰፊ ግቢ፣ ዙሪያው ትናንሽ ክፍሎች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ላግ ባዖመር በሚባለው በዓል፣ ከቱኒስ፣ ከሊቢያና ከአልጄሪያ የሚመጡ ተሳላሚዎች ከነቤተሰባቸው ያድሩበት ነበር። ክፍሎቹ ጠባብና ጌጥ የሌላቸው ናቸው፤ እንግዳው ውሎው ግቢው ውስጥ ስለነበር ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። በግቢው ይዘፈናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ለምኵራቡ ገቢ የሚሆን ጨረታም ይካሄዳል። የበዓሉ ዋና ትዕይንት መናራ ነው። ይህ በጎማ ላይ የቆመ፣ ወደ ላይ እየሾጠጠ የሚሄድ ባለ ብዙ ደርብ መቅረዝ ሲሆን፣ ሴቶች በደማቅ ሻሾች ያለብሱታል፤ ከዚያም በእልልታ እየተገፋ ይወጣል።

ተሳላሚው ለምን በተገኘው ማደሪያ ቤት አያድርም ነበር? መልሱ ያለው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ኮሸር የሚባለውን የምግብ ሕግ የሚጠብቅ አይሁዳዊ ከማያውቀው ድስት አይበላም፤ በሰንበት ደግሞ መንገድ አይሄድም፣ እሳትም አያነድም። ስለዚህ የሚያድርበት ቤት ለምኵራብ የቀረበ፣ አራጁና ምግብ አብሳዩ የታወቁ፣ የሰንበቱ ምግብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዘጋጅበት መሆን አለበት። ኦካላን ከተራ የነጋዴ ማረፊያ የሚለየው ይኸው ነው።

የሕጉ ዝርዝር ብዙ ነው። ከባለ አራት እግር እንስሳት የሚበላው ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳው ብቻ ነው። አራጁ ሕጉን ተምሮ የተፈቀደለት ሰው መሆን ይኖርበታል። ከማረዱ በፊት የቢላውን አፍ በጥፍሩ ጫፍ እየዳበሰ ይመረምራል፤ ጥቂት እንኳ የተሸረፈ ከሆነ ቢላው እስኪሞረድ አያርድበትም። ካረደ በኋላ ሳንባው ይታያል፤ የተበሳ ሆኖ ከተገኘ ሥጋው አይበላም። ሹልዳው ይወጣል። ከዚያ ሥጋው ለግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጨው ተነስንሶበት ዘንበል ባለ ነገር ላይ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ደሙ ከተንጠፈጠፈ በኋላም ደጋግሞ ይለቀለቃል። ሥጋና ወተት አብረው አይበሉም፤ ዕቃቸውም ለየብቻ ነው።

በደሴት ላይ መኖር የራሱ ፈተና አለው። የጄርባ ዓሣ አጥማጆች የሸክላ ማሰሮ በገመድ አስረው ባሕር ውስጥ እያሰመጡ ኦክቶፐስ በማጥመድ የታወቁ ናቸው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ግን አይሁዳዊው ጎረቤታቸው አይቀምሰውም። በተረፈ የሁለቱ ወገን ማዕድ ይመሳሰላል። ኩስኩስ አለ፤ ብሪክ የሚባለው፣ በስስ ሊጥ እንቁላል ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ምግብ አለ። ለየት የሚለው ፕካይላ ነው። ብዙ ቅጠል በዘይት እስኪጠቁር ድረስ ቀስ ተብሎ ይጠበስና ከቦሎቄና ከሥጋ ጋር ይቀቀላል፤ የቱኒዚያ አይሁድ ለሠርግና ለዓመት በዓል ያቀርቡታል። ከመጠጥ ቡኻ አለ፤ ከበለስ የሚወጣ ጠንካራ አረቄ ነው። የወይን ጠጅ ኮሸር እንዲሆን ከመጭመቁ ጀምሮ በአይሁድ እጅ መሠራት አለበት፤ የበለስ አረቄ ግን ከወይን ስላልተሠራ ይህ ገደብ አይነካውም።

የመንደሩ ቤት ሑሽ ይባላል። ለመንገዱ የሚያሳየው ነጭ ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረዋል፤ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድም አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጄርባሁድ በተባለ ፕሮጀክት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሠዓሊዎች የመንደሩን ግድግዳዎች በሥዕል ሞሏቸው። ዳር ዲያፋን የመሰሉ ትናንሽ ሆቴሎችም አሮጌ ቤቶችን አያይዘው አድሰው እንግዳ ይቀበላሉ። ይህ ግንቡን ከመፍረስ ማዳኑ መልካም ነው። ነገር ግን ግንብ ብቻውን የአይሁድ ቅርስ አይሆንም። አራጅ የሌለበት፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበት ድስት የማይጣድበት ቤት ምንም ያህል ቢያምር የተዋበ ሆቴል ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ቅርሱ ይጠፋል የሚለው ሥጋትም ከዚህ ይመነጫል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቱኒዚያ 100,000 ያህል አይሁድ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ እስራኤልና ወደ ፈረንሳይ ሄደው ዛሬ የቀሩት 1,500 ገደማ ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በጄርባ፣ በተለይም በሐራ ክቢራ ይኖራሉ። በሐራ ስጊራ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ምኵራቡም ከጥቃት አላመለጠም፤ በሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ. ጋዝ የጫነ መኪና ደጁ ላይ ፈንድቶ፣ አብዛኞቹ ጀርመናውያን ጎብኚዎች የሆኑ ሰዎች ሞቱ። በግንቦት 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበዓሉ ሰሞን አንድ የጥበቃ ባልደረባ በከፈተው ተኩስ ሁለት ተሳላሚዎችና ሦስት የጸጥታ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ዩኔስኮ የጄርባን የአሰፋፈር ሥርዓት በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በቀጣዩ ዓመት የላግ ባዖመር በዓል በጋዛው ጦርነት ምክንያት ተወስኖ፣ ያለ ወትሮው ድምቀት ተከብሯል።

ኤል ግሪባን ማየት የሚፈልግ ሰው ፓስፖርቱን ይያዝ፤ በር ላይ ጥብቅ ፍተሻ አለ። ቅዳሜ ለጎብኚ ዝግ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ራሱን ይሸፍን፣ ጫማውን ያውልቅ።